እግርን የሚሰማ ጫማ

ጥር ወር ነው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ከአንድ ተራራ ግርጌ በተሠራች አነስተኛ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአንድ ጥንድ ቦት ጫማ ጋር ትታገላለች። ጫማው የራሷ አይደለም፤ የታላቅ ወንድሟ ነው። ከእግሯ በሁለት ቁጥር ይበልጣል፤ ቁመቱ እስከ ባቷ አጋማሽ ይደርሳል፤ ገላው እንደ ደረቀ ቁርበት ግትር ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ካልሲ ደርባለች። ጣቶቿ እስኪቀሉ ድረስ ክሩን ስባ ታጠብቀዋለች፤ ይሁን እንጂ ቆማ ጉልበቷን ባጠፈች ቁጥር ተረከዟ ከጫማው ወለል ብድግ ይላል። ጫማው ከውጭ ጠብቋል፤ እግሯ ግን ከውስጥ ይዋልላል።

ከመስኮቱ ማዶ እኩዮቿ ይታያሉ። ሁለቱን እግራቸውን ባንድ ሳንቃ ላይ ጠፍረው፣ ጎናቸውን ለቁልቁለቱ ሰጥተው ይንሸራተታሉ፤ ከበረዶ ከተከመረ ጉብታ ላይ ተወንጭፈው አየር ላይ ይሽከረከራሉ፤ በበረዶው ላይ በተተከለ የብረት ሐዲድ ላይ ወጥተው ሚዛናቸውን ጠብቀው ያልፋሉ። ስፖርቱ ስኖውቦርድ ይባላል። ጉብታውና ሐዲዱ የተደረደረበት ሜዳ ፓርክ ሲሆን፣ በዚያ ሜዳ ላይ የሚታየው የዝላይና የሚዛን ጨዋታ ደግሞ ፍሪስታይል የሚል ስም አለው። ልጅቱ ትናንት ከጧት እስከ ማታ ከዚያ ሐዲድ ላይ ስትወድቅ ውላለች። መውደቅ ለጀማሪ ነውር አይደለም። የእርሷ አወዳደቅ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ሳንቃውን ወደ ተረከዟ ልታዘነብል ስትሻ ሳንቃው ዘግይቶ ይታዘዛታል፤ ዘግይቶ ሲታዘዝ ደግሞ ካዘዘችው በላይ ያዘነብላል።

ይህን ጫማ ያጠለቀችው ወዳ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ በለስላሳ ጫማ ከጉብታ ዘሎ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። መጀመሪያ ወለምታ ነው ተባለ። ሕመሙ ግን ሳምንታት ቢያልፉም አልበርድ አለ፤ በመጨረሻም አጥንቱ መሰንጠቁ ታወቀ። እናትየዋ ልጇ ድኖ በእግሩ በቆመ ሰሞን ወደ ገበያ ሄዳ፣ ካለው ሁሉ ግትር የተባለውን ጫማ ገዛችለት። ልጁ ግን ወደ በረዶው አልተመለሰም። ጫማው ሳይለበስ ቀረ፤ ፍርሃቱም ከቤት ሳይወጣ ቀረ። አሁን ሁለቱም፣ ጫማውም ፍርሃቱም፣ ለልጅቱ ተላልፈዋል።

የመደብሩ ጫማ ለኪ ጠጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው የሻከረ ሰው ናቸው። ትግሏን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ቀረብ ብለው፣

«ልጄ፣ ይህ ጫማ የማን ነው?» አሏት።

«የወንድሜ ነው።»

«ለምን የራስሽን አልያዝሽም?»

«እናቴ ለስላሳ ጫማ አትወድም። ለስላሳ ጫማ እግር ያሰብራል ትላለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። ከልጅቱ ፊት በርከክ ብለው የጫማውን ተረከዝ በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«እናትሽ ውሸት አልተናገረችም» አሏት በመጨረሻ። «ነገር ግን የተናገረችው ግማሹን ነው። ውጭ ካለች ጥሪያትና ሁለታችሁም ስሙኝ።»

* * *

በዚህች መደብር ውስጥ የተነሳው ክርክር የአንዲት እናትና የአንዲት ልጅ ክርክር ብቻ አይደለም። ስፖርቱ ራሱ በዚሁ ክርክር ውስጥ አልፎ ያደገ ነው። ጫማው ምን ያህል ይጥበቅ? ምን ያህል ይላላ? እግር ለጫማው ይታዘዝ ወይስ ጫማው ለእግር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። (ከዚህ ቀጥሎ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለዚህ ጨዋታ የተሠራ ጫማ አልነበረም። በ1965 በገና ዕለት፣ በሚሺገን ክፍለ ግዛት በመስኪገን ከተማ የሚኖር ሸርማን ፖፐን የተባለ መሐንዲስ ሴት ልጆቹን ለማጫወት ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጋጥሞ አሰረላቸው። ልጆቹ በዚያ ላይ ቆመው ከቤታቸው አጠገብ ባለው ኮረብታ ተንሸራተቱ። ባለቤቱ በረዶንና የባሕር ሞገድ ላይ ሸርተቴን በአንድ ቃል አዋህዳ ስነርፈር የሚል ስም አወጣችለት። ስነርፈር ከፊቱ የሚያዝ ገመድ ነበረው እንጂ የእግር መጠፈሪያ አልነበረውም። የሚጫወተውም ሰው በቤቱ ያገኘውን የብርድ ጫማ አድርጎ ይቆምበት ነበር። እግሩ ነጻ ነበር፤ ነገር ግን ነጻ የሆነ እግር ሳንቃውን እንደ ልቡ ማዘዝ አልቻለም። ቁልቁለቱ ሲበረታ ሳንቃው ወደ አንድ ወገን፣ ሰውየው ወደ ሌላ ወገን ይሄዱ ነበር።

ጄክ በርተን ካርፔንተር በ1977 በቬርሞንት፣ በሎንደንዴሪ፣ የራሱን ሳንቃ መሥራት የጀመረው ይህን ጉድለት ይዞ ነው። በ1979 በሚሺገን በተደረገው የስነርፈር ውድድር ላይ እግርን ከሳንቃው ጋር የሚያያይዝ መጠፈሪያ ያለው ሳንቃ ይዞ ቀረበ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች «ይህ ስነርፈር አይደለም» ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ከተሰማ በኋላ ለተሻሻለ ሳንቃ የተለየ ምድብ ተከፈተለት። በዚያ ምድብ የተወዳደረው እርሱ ብቻ ነበርና አሸናፊው እርሱ ሆነ። ነገሩ ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ነገር ግን ያ ብቸኛ ተወዳዳሪ ያመጣው ለውጥ ቀላል አልነበረም። እግር ከሳንቃ ጋር ከታሰረበት ጊዜ ጀምሮ ጫማ ከብርድ መከላከያነት አልፎ የመሣሪያው አንድ ክፍል ሆኗል። ከእግር ወደ ሳንቃ የሚሄደው ትእዛዝም፣ ከሳንቃ ወደ እግር የሚመለሰው መልእክትም በጫማው በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት።

ታዲያ ምን ዓይነት ጫማ? የ1980ዎቹ ወጣቶች መልስ ያገኙት ከስፖርት መደብር ሳይሆን ከሥራ ሰው እግር ነው። በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት፣ በኪችነር ከተማ የነበረው ካውፍማን የተባለው የጎማ ፋብሪካ ከ1962 ጀምሮ ሶሬል የተባለ የብርድ ጫማ ያወጣ ነበር። ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ፣ ከውስጥ ደግሞ ተነጥሎ የሚወጣና የሚደርቅ ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጫማ ነበረው። ይህን ጫማ የሠሩት ሰዎች በብርድ ለሚቆምና ለሚሠራ ሰው አስበው ነው እንጂ አየር ላይ ለሚሽከረከር ወጣት አስበው አልነበረም። ወጣቶቹ ግን አደረጉት። ሞቀ፤ ተጣጠፈ፤ አራመደም። ተረከዝ አልይዝ ሲላቸው ከአሮጌ የስኪ ጫማ ውስጥ የውስጡን ጫማ አውጥተው በሶሬል ውስጥ የከተቱ ነበሩ። ያልነበረን ነገር ካለው ነገር ማበጀት ማለት ይህ ነው።

ማራመዱ ትልቅ ቁም ነገር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ የስኪ ተራሮች ስኖውቦርድ የያዘ ሰው ወደ ላይ በሚያወጣው የኬብል ወንበር እንዲሳፈር አይፈቅዱም ነበር። በዚሁ በቬርሞንት የሚገኘው ማድ ሪቨር ግለን፣ በዩታ ክፍለ ግዛት ደግሞ አልታና ዲር ቫሊ እስከ ዛሬ ድረስ ለስኪ ብቻ ተከልለው ይኖራሉ። የተከለከለው ወጣት ሳንቃውን ተሸክሞ ኮረብታውን በእግሩ ይወጣል፤ ለአንድ ደቂቃ ቁልቁለት ግማሽ ሰዓት አቀበት ይከፍላል። ይህን አቀበት በግትር ፕላስቲክ ጫማ የሞከረው ሰው ለስላሳ ጫማ ቅንጦት ነው ለማለት አይደፍርም። እንግዲህ ልስላሴው በከፊል ከክልከላ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ተከፍቶ ነበር። ቦብ ላንግ የተባለው አሜሪካዊ በ1960ዎቹ የፕላስቲክ የስኪ ጫማ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ስኪ ከቆዳ ጫማ ወደ ግትር ጫማ ተሸጋግሯል። ስኖውቦርድም ሲመጣ፣ በተለይ በአልፕስ ተራሮች አካባቢ፣ ብዙዎች በዚሁ ሐሳብ ሄዱ። ፍጥነትንና ሹል መታጠፍን የሚሻ ሰው ግትር ጫማ ያጠልቃል፤ ጉልበቱን ባዘነበለ ቅጽበት ትእዛዙ ሳይሸራረፍ ወደ ሳንቃው ጠርዝ ይደርሳል። ይህ ሐሳብ ስሕተት አልነበረም። ግቡ ሌላ ስለነበረ ብቻ ጫማውም ሌላ ሆነ።

የፍሪስታይል ወጣቶች ግን የመጡት ከስኪ ሳይሆን ከስኬትቦርድ፣ ማለትም በአስፋልት ላይ ከሚነዳው ባለ መንኰራኩር ሳንቃ ነው። ከስፖርቱ ፋና ወጊዎች አንዱ የሆነው ቶም ሲምስ በ1976 የስኬትቦርድ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ስኬትቦርድ የሚጫወት ሰው በስስ ሸራ ጫማ ላይ ቆሞ ሳንቃውን በእግሩ መዳፍ ያነባል። ይህ ንባብ ሲቀርበት ጨዋታው ይቀርበታል። ስለዚህ እነዚህ ወጣቶች ወደ በረዶው ሲመጡ የፈለጉት ጫማ ብርዱን የሚከላከል፣ ነገር ግን ንባቡን የማይከለክል ጫማ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከመጠፈሪያው በስተኋላ ባትን ደግፎ የሚቆም መደገፊያ ተፈልስፎ በመጨመሩ ለስላሳው ጫማ የጎደለውን ድጋፍ ከውጭ አገኘ። በ1966 በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ የተመሠረተው፣ በስኬትቦርድ ጫማው የታወቀው ቫንስ ሳይቀር በ1990ዎቹ የስኖውቦርድ ቦት ጫማ ሠሪ ሆነ። የአስፋልቱ ጫማና የበረዶው ጫማ በዚህ ሁኔታ ዘመድ ሆኑ።

በ1998 በጃፓን በናጋኖ ስኖውቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲካተት ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ታዩ። ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲና ፈረንሳዊቷ ካሪን ሩቢ ወርቅ ያገኙበት ግዙፍ ስላሎም በአመዛኙ የግትር ጫማ ሜዳ ነበር። ስዊሳዊው ጂያን ሲመንና ጀርመናዊቷ ኒኮላ ቶስት ያሸነፉበት ሃፍፓይፕ፣ ማለትም እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ በሁለት ወገን ግድግዳ ያለው የበረዶ ቦይ፣ የለስላሳው ጫማ ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፍሪስታይሉ ወገን እየሰፋ ሄዷል። የሐዲድና የጉብታ ውድድር የሆነው ስሎፕስታይል በ2014 በሶቺ፣ ትልቁ ዝላይ ደግሞ በ2018 በፒዮንግቻንግ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነዋል።

* * *

ለመሆኑ ልስላሴ ለዚህ ጨዋታ ምን ይጠቅማል? በሐዲድ ላይ የሚያልፍ ሰው ክብደቱን ወደ ሳንቃው አንድ ጫፍ አሳልፎ ሌላኛውን ጫፍ ከፍ ማድረግ ሲሻ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን መዝመም አለበት። አየር ላይ ሆኖ የሳንቃውን ጠርዝ በእጁ ሲይዝ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አብረው መታጠፍ አለባቸው። ሲያርፍም የመሬቱን ምት ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ተከፋፍለው ይቀበሉታል፤ ከሦስቱ አንዱ ታስሮ ከቆመ የእርሱ ድርሻ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። ከዚህም ሌላ ግትር ጫማ የእግርን መንቀጥቀጥ ሁሉ፣ የታሰበውንም ያልታሰበውንም፣ ሳይለይ ለሳንቃው ያቀብላል። በዝግታ በሚኬድበት ፓርክ ውስጥ ትንሿ ስሕተት ጠርዙን በረዶ ታስነክሰውና ሰውየውን ትጥለዋለች። ለስላሳ ጫማ ግን ትንሿን ስሕተት በራሱ ውስጥ ይውጣታል። ይቅር ባይ ጫማ ነው።

ይሁንና ይቅር ባይነቱ ልክ አለው። በጠጠረ በረዶ ላይ በፍጥነት ለሚወርድ ሰው ልስላሴ እንደ ስንፍና ይሆንበታል፤ ትእዛዙ ይዘገይበታል። በታላላቅ ውድድሮች የሚሠራው ሃፍፓይፕ ግድግዳው ወደ 6.7 ሜትር ከፍታ የሚደርስ በመሆኑ በዚያ የሚወዳደሩ ብዙዎች መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ ጫማ ይመርጣሉ። አምራቾች የጫማቸውን ግትርነት ከ1 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይገልጹታል፤ ዝቅተኛው ቁጥር ለስላሳው ነው። ነገር ግን ቁጥሩን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ሚዛን የሚሰጠው እንጂ ሁሉም የተስማሙበት አንድ መለኪያ የለም። የአንዱ 3 የሌላው 5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቁጥር ብቻ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህም ይልቃል። በደንብ የተሠራ ለስላሳ ጫማ ከላይ እስከ ታች እኩል ለስላሳ አይደለም። ቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ከፊቱ በኩል ይለዝባል፤ ተረከዙን በሚይዝበት ከኋላው በኩል ይጠነክራል። ሁለት ጫማ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያለ ነው። የውስጡ እግርን የሚያቅፍ የፎም ጫማ ሲሆን ብዙዎቹ በሙቀት ለዝበው የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይይዛሉ። ከቁርጭምጭሚት አጥንት በታች ያለውን ጎድጓዳ የሚሞሉ ጠማማ የፎም ቁራጮች ይጨመሩበታል፤ ተረከዝ እንዳይነሳ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። የውጭው ሽፋን ውሃን ይመልሳል፤ ቅርጽንም ይጠብቃል። ሶሉ ከጎማና ከፎም ተደራርቦ የማረፊያን ምት ያበርዳል። ማጥበቂያው የተለመደው ክር ሊሆን ይችላል፤ ጋሪ ሐመርስላግ የተባለ ፈልሳፊ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በስቲምቦት ስፕሪንግስ የሠራውና ከ2001 ጀምሮ በስኖውቦርድ ጫማ ላይ የታየው ቦአ የተባለው ዘዴ ደግሞ በጣት በሚዞር ቁልፍ ቀጭን የብረት ሽቦ ይጠቀልላል። ክርም ሆነ ሽቦ ግን ልኩ ያልሆነን ጫማ ልክ ሊያደርገው አይችልም። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ከማጥበቅ መለካት ይቅደም ማለት ይገባል።

እንግዲህ ልስላሴ ልቅነት አይደለም። ልቅ ጫማ እግርን የሚተው ጫማ ነው፤ ለስላሳ ጫማ ግን በአንድ ሥፍራ አጥብቆ ይዞ በሌላው ሥፍራ የሚለቅ ጫማ ነው። የልጅቱ የወንድም ጫማ ግትርም ልቅም ነበር፤ ሁለቱ ክፉ ጠባዮች ባንድ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሳያል። የጥበብ ሰው ይህን ከሙያው ያውቀዋል። ጠፍሩ የላላ ከበሮ ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን ከበሮ የሚመታውን እጅ በጠፍር የሚያስር ሰው የለም። መጥበቅ ያለበት ነገር በሥፍራው ሲጠብቅ ነው መንቀሳቀስ ያለበት ነገር በነጻነት የሚንቀሳቀሰው። መምህርም በክፍሉ፣ ተዋናይም በመድረኩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

* * *

የእናትየዋ ፍርሃት ግን በዚህ ብቻ የሚሻር አይደለም። በቁርጭምጭሚት ውስጥ፣ በተረከዝና በቅልጥም አጥንቶች መካከል የተቀመጠ ታለስ የሚባል አጥንት አለ። ከዚህ አጥንት ወደ ውጭ ወጣ ያለችው ጫፍ በሌላው ሰው ላይ እምብዛም አትሰበርም። በስኖውቦርድ ተጫዋቾች ላይ ግን በብዛት በመታየቷ ሐኪሞች የስኖውቦርደር ስብራት የሚል ስም አውጥተውላታል። በኮሎራዶ ከ3,000 በላይ የስኖውቦርድ ጉዳቶች ተመርምረው በ1998 በወጣው ጥናት ከጉዳቶቹ ወደ 15 ከመቶ የሚሆኑት የቁርጭምጭሚት ነበሩ። የዚህች ስብራት ክፋት መሰወሯ ነው። ሕመሟ ከወለምታ ጋር ይመሳሰላል፤ በተራ ራጅም ልትታለፍ ትችላለች። ወለምታ ነው ተብላ የተተወች ስብራት ደግሞ ዘላቂ ሕመም ታስከትላለች።

በሌላ ወገን ደግሞ የስኪ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለ። የስኪ ጫማ ረዝሞና ጠንክሮ ፕላስቲክ በሆነ ጊዜ የቁርጭምጭሚት ስብራት በእርግጥ ቀነሰ። የጉልበት ጅማት ጉዳት ግን ጎልቶ ወጣ። ኃይል በግትር ነገር ሲገታ አይጠፋም፤ መንገዱን ለውጦ ወደ ሌላ መገጣጠሚያ ይሄዳል። ስለዚህ ማንም ጫማ ሠሪ ጉዳትን ከነሥሩ ነቅሎ ጥያለሁ ሊል አይችልም። ሊል የሚችለው ከጨዋታው ጋር የሚስማማ ጫማ ሠርቻለሁ፣ ልኩንም ጠብቄአለሁ ነው። የቀረው የልምምድና የጥንቃቄ ድርሻ ነው።

* * *

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ለእናትየዋ አልዘረዘሩም። ከውጭ ተጠርታ ስትገባ አንድ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው ነበር። የልጅቱን ካልሲዎች አስወልቀው ተረከዟን ከግድግዳው አስጠግተው አቆሟትና የረጅሙን ጣቷን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ርቀቱን በሴንቲሜትር ለኩ፤ የስኖውቦርድ ጫማ ቁጥር የሚቆጠረው በዚሁ በእግር ርዝመት ነውና። ሃያ አራት ሆነ። የወንድሟ ጫማ ሃያ ስድስት ነበር።

«እመቤት፣ ይቅርታዎን፣ እዚህ ዝቅ ይበሉልኝ» አሏት።

እናትየዋ ግራ ተጋብታ በርከክ አለች። ልጅቱ የወንድሟን ጫማ እንደገና አጠለቀች።

«ተረከዙን ከወለሉ ጋር አጥብቀው ይያዙት። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን እጠፊ።»

ልጅቱ ጉልበቷን አጠፈች። ግትሩ ጫማ ሳይንቀሳቀስ እግሯ በውስጡ ተነስቶ ሲወድቅ እናትየዋ በመዳፏ ተሰማት። ደጋግማ አሳጠፈቻት። በያንዳንዱ ጊዜ ያ ድምፅ አልባ ምት በእጇ ውስጥ ያልፋል።

ሽማግሌው ሌላ ጫማ አመጡ፤ ቁጥሩ ሃያ አራት፣ ለስላሳ፣ ክሩ ተራ። አንድ ስስ ካልሲ ብቻ ሰጧት። ልጅቱ ቀጥ ብላ ስትቆም ጣቶቿ የጫማውን ጫፍ ለስለስ አድርገው ነኩት፤ ጉልበቷን ስታጥፍ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ትንሽ ጨበጥ አደረገኝ» አለች።

«ይገባል። የውስጡ ፎም ከጥቂት ቀን በኋላ ይረግጋል። ዛሬ የተመቸ ሰፊ ጫማ ከሳምንት በኋላ ልቅ ይሆናል። ማታ ማታ የውስጡን አውጥተሽ አድርቂው፤ እሳት ዳር ግን አታስጠጊው፤ ሙቀት ፎሙንና ሙጫውን ይጎዳዋል።»

እናትየዋ አሁንም ተረከዙን ያዘች። ልጅቱ አጠፈች። ከፊት በኩል ጫማው እንደ ክርን ታጠፈ፤ ከእጇ በታች ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ቁርጭምጭሚቷስ?» ብላ ጠየቀች እናትየዋ ቀና ሳትል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀራት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

«ጫማው ብቻውን አይጠብቀውም» አሉ ሽማግሌው። «ሌላ ነገር ብልዎ ውሸት ይሆንብኛል። ከትንሹ ጉብታ ትጀምር፤ ማረፍ ሳትለምድ ወደ ትልቁ አትሂድ። ካረፈች በኋላ ከቁርጭምጭሚቷ በውጭ በኩል ካመማት ደግሞ ወለምታ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በደንብ ይመርመር።»

እናትየዋ ብዙ ዝም አለች። ከዚያም ከቦርሳዋ ገንዘብ አወጣች።

ልጅቱ ሳንቃዋን ይዛ ወጣች። እናትየዋ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የትልቁን ልጇን ጫማ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በመጀመሪያው ሙከራ ልጅቱ ወደቀች። በሁለተኛውም ወደቀች፤ አወዳደቋ ግን የትናንቱ አልነበረም፤ ወደ ፊት ነበር። በሦስተኛው የሐዲዱን አጋማሽ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ራሷ ወርዳ፣ ሳንቃውን ፈትታ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ያንን ለስላሳ ጫማ እያጣጠፈች በእግሯ ወደ ላይ ትወጣ ጀመር።

እናትየዋ ይህን እያየች ልጅቱ አጥብቃው የነበረውን የግትሩን ጫማ ክር ከየቀዳዳው አንድ በአንድ ፈታችው። ከቆይታ በኋላም ወደ ሽማግሌው ዞራ፣

«ወንድ ልጄንስ ይለኩልኝ ይሆን?» አለች።

«እግሩን ይዞ ይምጣ» አሉ ሽማግሌው ወረቀቱን እያጠፉ፤ «ጫማ በሌለ እግር አይለካም።»